ሽንት ስንጠብቅ

ኦክቶበር 9
ጎመኑን ጨው ነስንሼ በርሜል ውስጥ ከተትኩ። ባሌ ቶአደር ግንድ ሊቆርጥ ጫካ ወጣ። "ማታ የበቆሎ ገንፎ ሥሪ፣ ቀጠን አድርገሽ" ብሎኝ። አይብ የለም… ከጎረቤት ልበደር።

ኦክቶበር 10
ትናንት ግንድ ተንከባሎ እግሮቹ ላይ ወደቀ። እስኪያነሱለት ብዙ ቆየ። ሲያወጡት ይቀልድ ነበር አሉ፦ "ሚስቴ ከሰማች ትጨርሰኛለች።" ሱቻቫ ከተማ ሆስፒታል ስደርስ ግን በማሽን ነበር የሚተነፍሰው።

ኦክቶበር 11
እኔ እግሩን ሳይ ሐኪሟ ኢሊንካ የሽንት ከረጢቱን ታያለች። የወጣችው ጥቂት፣ ቀለሟ እንደ ጥቁር ሻይ። "የተጨፈለቀው ሥጋ ደሙን እየመረዘው ነው። ኩላሊቱን የዘጋው እሱ ነው" አለችኝ።
ኩላሊቱን ማን አሰበው?

ኦክቶበር 12
ከረጢቱ ባዶ። ደሙን በማሽን ማጠብ ጀመሩ። ግራ እግሩ ሞቷል፤ ካልተቆረጠ መርዙ አይቆምም አለች ኢሊንካ። እናቱ እማማ ሳፍታ ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ።
"ልጄ ጫካ ነው ያደገው። ያለ እግር ምን ሊሆን? ቤት ተጎልቶ አንቺን ሊያይ?"
"አዎ። እኔን ይይ።"
ቁረጡት አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

ኦክቶበር 13
ቆረጡት። ከረጢቱ ባዶ።

ኦክቶበር 17
አሁንም ባዶ። "የተኛ ኩላሊት ሊነቃ ይችላል" አለች ኢሊንካ። "ላይነቃስ?" ስላት ከረጢቱን ደግማ አየች።
ልብስ ልቀይር ቤት ሄድኩ። ሽንት ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ። መሽናት እንዴት ቀላል ነገር ነው…

ኦክቶበር 21
ቱቦውን ከአፉ አወጡለት። አየኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን… የጎደለውን ቦታ።
"ማነው ቁረጡ ያለው?"
"እኔ ነኝ።"
እማማ ሳፍታ ከኋላዬ፦ "ሁለታችንም ነን" አሉት።
ዞር ብዬ አየኋቸው። ቀና አላሉም። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ኖቬምበር 3
እነዚህን ቀናት ሁሉ አላናገረኝም። ዛሬ ከረጢቱ ውስጥ ሽንት አለ። ጠራ ያለ፣ እየጨመረ የሚሄድ። ኢሊንካ የደም ማጠቢያ ማሽኑን ዛሬ አትቀጥሉለት አለች። ጎንበስ ብዬ ከረጢቱን ስመለከት ድምፁን ሰማሁ።
"የሰው ሚስት ባሏን ታያለች። የኔዋ ሽንት።"
ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።
"ስለ እግሬ ይቅር አላልኩሽም።"
"እሺ።"
ልወጣ ስነሳ፦
"ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትመጪው?"