አባትሽ ጉኑኖ ነው

ልጄ ፀደንያ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እግዚአብሔር በወጣሽበት በር ይመልስሽ፤ በሩ እስካለ ድረስ ማለቴ ነው።

በሩ ላይ አሁን ሦስት ቁጥር አለ። ጥቁሩ ደርግ የወረሰውን ቤት ቀበሌው ለአባትሽ ሲያከራይ የተጻፈ ነው። ሰማያዊው ለኮንዶሚኒየም ተመዝገቡ ስንባል መጣ፤ አባትሽ ዕጣውን ሲጠብቅ ሞተ። ቀዩን ባለፈው ሳምንት ጻፉት። ሊቆጥሩን ይሁን ሊያፈርሱብን የሚያውቅ የለም። ጎረቤታችን በድሉ «ዝም በይ፣ ጠይቀሽ አታስታውሻቸው» አለኝ።

የደበቅሁሽ ነገር አለ። ውሉ በአባትሽ በጋሽ ቶማ ስም ስለሆነ፣ ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ መሞቱን አላስመዘገብኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠይቁኝ «ትውልድ አገሩ ጉኑኖ፣ እርሻውን ሊያይ ሄዷል» እላለሁ። የሚጠይቀኝ የቀበሌው ሠራተኛ እስራኤል ነው፤ የለቅሶውን ድንኳን ካስማ የተከለው እሱ ራሱ። ሰምቶ ይጽፋል፣ ይሄዳል።

ትናንት ግን ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «እትዬ አያልነሽ፣ ሰኞ አዲስ አጣሪ ይመጣል። ባለ ውሉ በአካል ይቅረብ ተብሏል።»

«ጋሽ ቶማ እኮ...» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ ጉኑኖ ናቸው» አለና አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ደጃፌ በቆመ ቁጥር በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ አያለሁ። እስራኤልም በእኔ ምክንያት እንጀራው እንዳይቋረጥ ሰጋሁ። ስለዚህ ሰኞ እውነቱን እናገራለሁ። በመዝገብ ያኖርኩትን አባትሽን በገዛ አፌ ልገድለው ነው። በዚያች ሰዓት በስልክ አብረሽኝ ሁኚ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጣሪያሽን አምላክ ያጽናልሽ።

እናትሽ፣ ለጊዜው እዚያው ቤት