ከቀይ ወይኑ ጋር ምን ይቅረብ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1981
ነገሩ ይህ ነው። ልጃችን አብተው ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ወጥቷል። ጥቅምት 20 ይወስዱታል። አስም አለበት። የሐኪም ወረቀቱን የሚያይልን አጣን። የቀረን አንድ ሰው ብቻ... የምልመላው ኃላፊ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ኃይለየሱስ። አሁን ጓድ ኃይሌ ነው የሚባለው። "የሱስ"ን ቆርጦ ጥሎታል።
ጠዋት መንገድ ላይ አገኘሁትና ምሳ ጋበዝኩት።
"ዓርብ ይመቸኛል ጋሼ። ቀይ ወይን ካለ ደግሞ..." ብሎ ሳቀ። ቡልጋሪያ ለትምህርት ሄዶ ለምዶ ነው አሉ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ለማንም ግማሽ ማርክ ጨምሬ አላውቅም። አሁን እኔ ልለምን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8
ሁለት ጠርሙስ ጉደር ገዛሁ። ርካሹን። አንዱ ለሙከራ። ከምን ጋር እንደሚጠጣ የት አውቃለሁ? ጎረቤታችን ዲንቄ ዱሮ ሆቴል ወጥ ቤት ሠርታለች። ጠየቅኋት።
"በርበሬ እንዳያስጠጉት ጋሽ ገሠሠ! ይቆጣል።" ደግሞ ሳቀችብኝ። "በስተርጅና መጠጥ ጀመሩ እንዴ?"
ሞከርኩ። ከቀይ ወጥ ጋር፦ መረረ፣ ጉሮሮ ፈጀ። ከአልጫ ጋር፦ ደህና፣ ግን አይዋደዱም። ከበግ ጥብስ ጋር፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ብቻ፦ ኮምጣጣነቱ ለዘብ አለ። ጥብስ ይሁን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10
ከባለቤቴ ከሮማነወርቅ ጋር ተጣላን።
"ዓርብ ቀን? በቤቴ ሥጋ?"
"ካድሬ ነው። የጾም ብናቀርብለት ምን ይለናል? ልጅሽን አስቢ።"
መጥበሻውን አወረደችና፦ "እጠብሳለሁ። አልቀምሰውም ግን። ጨው ቢበዛ በእኔ እንዳታመካኝ።"
ጠርሙሱን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩት። ይህ የናዝሬት ሙቀት... ቢያበላሸውስ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 11
መጣ። ሾፌሩ ዘገዬም አብሮ ተቀመጠ። ወይኑን ቀዳሁ፤ ቀመሰና "ጥሩ ነው" አለ። ሥጋውን ግን... ይቆርጣል፣ ይገፋል፣ ያወራል። አንድም አልጎረሰም። ጨው በዛ? ወይስ የእኛን ጉዳይ ላለመስማት?
ዘገዬ የእሱን ጨርሶ መኪናውን ሊያይ ወጣ። ኃይለየሱስ ወዲያው ወደ እኔ ጎንበስ አለ።
"ጋሼ... ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ?"
አልገባኝም።
"ጾመኛ ነኝ። ዓርብ ያልኩት እኮ እርስዎ ቤት የጾም አይጠፋም ብዬ ነው።"
የምገባበት ጠፋኝ። ሮማነወርቅ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ፣ ለእኛ የሠራችውን መኮሮኒ ይዛ ከተፍ አለች። የመቂ ቲማቲምና ዘይት፣ ሌላ ምንም የለውም።
"በዓርብ ሥጋ አስጠበስከኝ፤ ኃጢአቱን ለሁለት እንካፈለዋለን" አለችው። ሳቀ። ሁለት ሰሃን በላ። ለካ ከወይኑ ጋር የሚሄደው ይህ ነበር! አልሞከርኩትም።
ኮቴ ሲሰማ የሥጋውን ሰሃን ወደ ራሱ ሳበ። ሾፌሩን ይፈራል። ሾፌሩስ ያን ሁሉ ሥጋ የበላው ወዶ ነው ወይስ እሱን ፈርቶ?
የአብተውን ነገር አነሳሁ። "በጽሑፍ ያድርጉልኝ" አለ። በር ላይ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "ጋሼ፣ ማንም ቢጠይቅዎ ዛሬ የበላሁት ሥጋ ነው።"

እሑድ፣ ጥቅምት 13
ደብዳቤውን አራት ጊዜ ጻፍኩ፤ አራት ጊዜ ቀደድኩ። "ስለ ዓርቡ ምሳ" ብዬ ብጀምር ማስፈራሪያ ይመስላል። ሳላነሳው ብቀርስ?
ሮማነወርቅ፦ "ዝም ካልከው 'ይህ ሽማግሌ ምን አስቦ ነው?' ይላል።"
እውነቷን ነው። ምስጢሩን ማወቃችን ልጁን ያስቀርልን ይሆን... ወይስ ቶሎ ያስወስድብን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 15
ላክሁት። በዘገዬ እጅ፣ ከፍቶ እንደሚያነበው እያወቅሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው። አላረምኩትም። ግልባጩ፦

"ይድረስ ለጓድ ኃይሌ። ዓርብ ዕለት የበጉ ሥጋ ከወይኑ ጋር ስለተስማማዎት እኔና ባለቤቴ እጅግ ደስ ብሎናል። የልጄ የአብተው የሐኪም ማስረጃ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የቀረው አምስት ቀን ነው። እባክዎ መልስዎን ቶሎ ይላኩልኝ።"