የአባባ ኪኒንና የኦቦ ኢዶሳ ወተት

ይድረስ ለእህቴ ለዙሀራ፣ ጅግጅጋ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ እህቴ፣ ደህና ነሽ ወይ? የዚያ አገር ንፋስ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለው፣ ወይስ አሁንም ልጅ ባነሳሽ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ትንቋቂያለሽ? ራቢያ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማማ ደህና ናት፣ ሱቁ ደህና ነው፣ የጭላሎ ተራራም ጉሙን ተከናንቦ እዚያው ቆሟል። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጨርስ ነበር፤ ግን የምጽፍልሽ አባባ ደህና ስላልሆነ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንዳትይ። ወንዱ ፍየላችን መንታ ወለደ ስልሽ እንኳን ደስ አላችሁ ካልሽ ወዲህ እኔን ማመን እንደተውሽ አውቃለሁ። ቶፊቅ ደግሞ ጀመረው ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ባልሽ ዛኪር ጭነቱን አራግፎ ሲመለስ ይዞልሽ እንዲመጣ በወረቀት አደረግኩት። ወረቀት ላይ አሹፌ አላውቅም። መጻፍ በራሱ ያደክመኛል፤ ከአስረኛ ክፍል ጋር የተለያየነውም በዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባባ በመስከረም መጨረሻ ገብስ ሊገዛ ዲክሲስ፣ ኦቦ ኢዶሳ ቤት ሄዶ ነበር። ታውቂያቸዋለሽ፣ ሰርግሽ ላይ በሬ ነድተው የመጡት ወዳጁ ናቸው። ያን ዕለት ላማቸው ያለጊዜዋ አማጠች። አባባም ኮቱን አውልቆ በባዶ እጁ ጥጃውን ሲስብ አረፈደ፤ ጥጃው ሞቶ ነው የወጣው። ከሳምንታት በኋላ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ ጀመረው። ወባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ በመጨረሻ ደሙ ሲመረመር ከከብት የሚመጣ ብሩሴላ የሚባል ባክቴሪያ ሆነ። ሁለት ዓይነት ኪኒን ታዘዘለት፣ ለስድስት ሳምንት።

ኦቦ ኢዶሳ ይህን ሲሰሙ በየጠዋቱ በሚኒባስ ወተት መላክ ጀመሩ። በጮጮ፣ ጥሬውን፣ ከዚያው ከላሞቻቸው። እዚህ ለታመመ ሰው የሚወሰደው ጥሬ ወተት እንደሆነ ታውቂያለሽ። የፈላ መስጠት ጉልበቱን አውጥቶ አተላውን እንደመስጠት ነው። አባባ ጠብታ ሳያስቀር ይጠጣል።

ዘመናይ ያን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ዘመናይ የጓሮዋን ክፍል የተከራየችን ተመራማሪ ናት፤ የከብት ደም እየሰበሰበች ይህንኑ ባክቴሪያ ታጠናለች። ወይዘሪት ላም የሚል ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ለማሾፍ ብዬ፣ ምኑ ነው የሚጠናው አልኳት፤ ሳላስበው አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ባክቴሪያው ጂን የሚባሉ ትእዛዞች አሉት፤ ግን ሁሉም ሁልጊዜ አይሠሩም። ወተት ውስጥ ሳለ የማጥቂያዎቹን ጂኖች ዝም አሰኝቶ ጨዋ መስሎ ይቀመጣል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነጭ የደም ሴል ይውጠዋል፤ በትንሽ ከረጢት ከትቶ ሊፈጨው አሲድ ይለቅበታል። ጉዱ እዚህ ነው። ይገድለዋል የተባለው አሲድ ለሱ ምልክት ነው። ገባሁ ማለት ነው ብሎ ዝም ያሉትን ጂኖች ይቀሰቅሳል፣ እንደ መርፌ የቀጠነ ቱቦ ይሠራል፣ በሱ በኩል የራሱን ፕሮቲን ወደ ሴሉ ይገፋል። ከዚያ ከረጢቱ መፍጫ መሆኑ ይቀርና መኝታ ቤት ይሆንለታል፤ ተኝቶ ይባዛል። የሷ ጥናት ደጅ ሳለ የትኞቹ ጂኖች እንደተኙ፣ ሴል ውስጥ ሲገባ የትኞቹ እንደሚነቁ ማወቅ ነው።

ዙሀራ፣ ይህን ፍጡር አወቅኩት። ሰው ቤት ስገባ ደጃፍ ላይ ዓይኔን ሰብሬ፣ ከተቀመጥኩ በኋላ ቁም ሳጥን የምከፍተውን እኔን ነው የሚመስለው። እየሳቅኩ ይህን ስነግራት እሷ አልሳቀችም። ትኩሳቱ ወረደ ማለት ሄደ ማለት አይደለም፤ ሴል ውስጥ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱ ያን ያህል ጊዜ የሚፈጀውም እዚያ ድረስ ዘልቆ እስኪጨርሰው ነው አለችኝ። ከተቋረጠ አከርካሪ ላይ ወይም ልብ ላይ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ እኔም አልሳቅኩም።

አባባን ወተቱ ይፍላ ስለው፣ የኢዶሳን ወተት በእሳት አላዋርድም አለ። እኔም የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። ጮጮው ከሚኒባስ ሲወርድ ሱቁ ጀርባ አፈላዋለሁ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አበርደዋለሁ፣ መልሼ ጮጮው ውስጥ እገለብጠዋለሁ። አባባ አንጀት የሚያርስ ወተት እያለ ይመርቃል። በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ተንኮል አልሠራሁም።

ባለፈው ሳምንት ግን ኦቦ ኢዶሳ ራሳቸው ሊጠይቁት መጡ፣ አጠገቡም ተቀመጡ። አባባ ጠጥቶ ቀና ሲል ወተት ሲፈላ የሚይዘው ስልባቦት ጢሙ ላይ ተንጠልጥሏል። ኦቦ ኢዶሳ ስልባቦቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ወተቴን አፈላችሁት አሉ ቀስ ብለው። ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ወተትም የለም፣ እሳቸውም የሉም።

አባባ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሽንቴን ሚሪንዳ ያስመሰልከውም አንተ ነሃ አለኝ። ለካ ኪኒኑን ከጀመረ ወዲህ ሽንቱ ብርቱካን መስሏል፤ አፍሮ ለማንም አልተናገረም። ኪኒኑ ነው እንዲህ የሚያደርገው አልኩት። ዘመናይም መጥታ ነገረችው። እሷንም አንተ ነህ ያስጠናሃት አለ። ተኝቶ የሚነቃ ተባይ የምትለውም ያንተው ተረት ነው፣ ትኩሳቴ እንደሆነ ወርዷል ብሎ ኪኒኑን ትራሱ ሥር ከተተው። እውነቱን ስነግረው ያላመነኝ ዘንድሮ ነው፤ ሳሾፍበት ግን ያምነኝ ነበር።

ከትናንት በስቲያ ላቡ ተመለሰ። ዛሬ ሶላት ላይ ለሩኩዕ ካጎነበሰበት ሲነሳ ግድግዳ ያዘ። እማማ ስትለምነው፣ ዙሀራ ካለችኝ ኪኒኑን እውጣለሁ፣ እሷ ዋሽታኝ አታውቅም አለ።

ስለዚህ ደብዳቤው እንደደረሰሽ ደውዪለት። እንዴት ነህ እያልሽ አትለማመጪው፤ ኪኒንህን አሁኑኑ አምጣና እየሰማሁህ ዋጥ በዪው። ሽንቱ የኪኒኑ ቀለም እንደሆነ ንገሪው። የተቋረጠው እንዴት እንደሚቀጠል ዘመናይ ሐኪሙን ጠይቃለታለች፤ መጀመሪያ ግን እሺ ይበል። እኔ ደግሞ ነገ ዲክሲስ ወርጄ ኦቦ ኢዶሳ እግር ላይ እወድቃለሁ። እሳቸውም ማታ ማታ ያልባቸው እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸውም ያንኑ ወተት ነው የሚጠጡት።

ለዛኪር ሰላምታዬን፤ መንገድ ላይ ይህን ከፍቶ ካነበበ ግን ሰላምታዬን እነሳዋለሁ። ለአማትሽ ጤና ይስጥልኝ በያቸው። ራቢያን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማን በጣም ናፍቀሻታል። ይህን ሁሉ ቀን አንድም ሰው ላይ ስላላሾፍኩ ደግሞ ጨንቋት፣ ዛሬ ጠዋት ግንባሬን ዳብሳ ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆነ አየች።

ወንድምሽ ቶፊቅ
አሰላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.