የመንጋጋዬ ራጅና የዘንድሮ ሕማማት

ሐሙስ

ጥርሴን ልነቀል ሄጄ ስለ አጥንቴ ሰምቼ መጣሁ። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለችው የጥርስ ሐኪም ልጅ እግር ናት፤ መላ መንጋጋዬን ራጅ አነሳችኝና ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተችው። ማሽኑ ራሱ የታችኛው መንጋጋዬ ጠርዝ ላይ መስመር አስምሮ ቀይ ምልክት አወጣ። “እናቴ፣ ይሄ ጥርጣሬ እንጂ ምርመራ አይደለም። አጥንትዎ የሳሳ ይመስላል፤ የወገብዎንና የዳሌዎን አጥንት ጥንካሬ ያስለኩ” አለችኝ።

ቁመቴ ቀንሶ እንደሆነም ጠየቀችኝ። ኧረ በፍጹም፣ አልቀነሰም አልኳት። ታክሲ ውስጥ ነው ትዝ ያለኝ። ቀሚሶቼ መሬት እየጠረጉ ስላስቸገሩኝ ዘንድሮ ሁሉንም ጫፋቸውን አጥፌ ሰፍቻለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝና ተለጠጠ ብዬ ጨርቁን ነበር የማማው። እኔ ሞኟ!

እህቴ ዘነበች ባኞ ቤት አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ከአልጋ ሳትነሳ ነው የሞተችው። አሁን እሱን ማሰብ አልፈልግም።

ቅዳሜ

ልጄ ሜሮን ይዛኝ ከተማ ወርደን ተለካሁ። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም። የአጥንት መሳሳት ነው፤ ወገቤ ላይ ደግሞ ብሷል። ሐኪሙ የከለከለኝ፦ ከባድ ነገር ማንሳት፣ ጎንበስ ቀና ማለት፣ መውደቅ። (ፈልጌ የምወድቅ ይመስል!) በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ክኒንም ጻፈልኝ።

ስለ ስግደት አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ከነገ ወዲያ ሕማማት ይገባል።

ማክሰኞ

ትናንት መድኃኔዓለም ሄጄ ቀስ እያልኩ ሰገድኩ። ምንም አልሆንኩም። ዛሬም ሄድኩ። ሁሉም ወድቆ ሲነሳ እኔ እንዴት ተገትሬ ልያቸው? ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ያልሰገድኩበት ሕማማት የለም።

እኩለ ቀን ላይ ግንባሬን ከምድር ሳነሳ ወገቤን ወጋኝ። ቀና ማለት አቃተኝ። ሁለት የሰፈር ሴቶች ደግፈው ቤት አደረሱኝ። ለሜሮን እንዳይነግሯት ለምኛቸዋለሁ።

ረቡዕ

ነግረዋታል። የኛን ሰፈር አላውቀውም እንዴ!

ሜሮን ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ስለ ስግደት አንነጋገርም፤ ስንነጋገር እንጣላለንና። ዛሬም ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኋት። እሷ ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ “እማዬ፣ ስገጂም አትስገጂም አልልሽም። እንደ እትዬ ዘነበች እንዳትቀሪብኝ ብቻ” አለችኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሐሙስ

ወገቤን ራጅ አነሱኝ። ተመስገን፣ ስብራት የለም። ለሐኪሙ ስለ ስግደቱ ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዳግመኛ ግንባሬ መሬት ሲነካ የጀርባ አጥንቴ ሊደቅ እንደሚችል አስረዳኝ።

እንግዲህ ነገ ስቅለት ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር? ሄጄ ካልሰገድኩ ምን ሥራ አለኝ? ብቀርስ ደግሞ ምን አንጀት አለኝ?

ዓርብ

ሄድኩ። ሜሮን እስከ በሩ አድርሳኝ ውጪ ቀረች። ቀኑን ሙሉ አሮጊቶች መሀል ወንበር ላይ ነበርኩ። ሰው ሲሰግድ ማየት አሳፍሮኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ማታ ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን መታ እያደረጉ ስግደት ሲያዙ፣ ተራዬ የንስሐ አባቴ ጋ ደረሰ። ዝም ብዬ የሚያዙኝን ተቀብዬ ልሄድ ዳድቶኝ ነበር። ግን ከአፌ ወጣ። “አባ፣ አጥንቴ ሳስቷል። መስገድ ተከልክያለሁ” አልኳቸው።

ወይራውን እንደያዙ ቆሙ። “ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም? አንገትሽን ዝቅ አድርጊ፣ ይበቃል” አሉኝና ቅጠሉን ትከሻዬ ላይ አሳረፉት።

አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። የቀረችኝ ስግደት ይህቺ ናት እንግዲህ ብዬ ነው ያለቀስኩት። እንደ ስግደቱ አልሆነልኝም፣ አልዋሽም።

ስወጣ ሜሮን አጥሩ ሥር ቆማለች፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች። የበሩ ደረጃ ላይ ስደርስ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ሌላ ጊዜ እጇን ገፍቼ ነበር የማልፈው። ያዝኳት፣ እስከ ታክሲው ድረስም አልለቀቅኋትም።