ቅናታቸውን ያልደበቁት መምህርት ኤፋት ራንግራዝ

መምህርት ኤፋት ራንግራዝ ከአባታቸው ከማሽዲ ቀዲር ራንግራዝ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቱባ ሳፋሪ፣ እንደ አገራችን እንደ ኢራን አቆጣጠር በ1353 ዓ.ም. በካሻን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ለምንጣፍ የሚሆን ሱፍ ቀለም ሲነክሩ የኖሩ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ድረስ ሰማያዊ የነበረ ሰው ናቸው። እናታቸው ምንጣፍ ሠሪ ነበሩ፤ ከማለዳ እስከ ማምሻ ከሥራቸው አይነሡም ነበር። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር አራቱም የሚኖሩት በአንዲት ክፍል ውስጥ ነበር።

ይህን ታሪክ ከማረፋቸው በፊት ለልጃቸው ለማርጃን በቃላቸው ያስጻፉት ራሳቸው ናቸው። ማርጃን ወጉን ጠብቃ “ሁሉን የሚወዱ፣ ቅን፣ ሩኅሩኅ” ብላ ስትጀምር፣ “አቁሚ” አሏት። “ቅናተኛ ነበረች ብለሽ ጻፊ። ሰዉ እንደሆነ ያውቀዋል። ከኋላ ቆሞ ከሚንሾካሾክ እናንተው ተናግራችሁ ገላግሉት።” ስለዚህ እንደ ቃላቸው ተጽፏል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ በሰፈራቸው የሴቶች ትምህርት ቤት ገቡ። ከክፍላቸው አንደኛ ነበሩ፤ ግጥም በቃላቸው ሲሉ መምህራኑ ከሌላ ክፍል እየመጡ ይሰሟቸው ነበር። በ1364 ዓ.ም. የኖውሩዝ፣ የአዲስ ዓመት በዓላችን ሲቃረብ ግን፣ የዕድሜ ልክ ቅናታቸው የተጀመረበት ነገር ሆነ። ከቴህራን የመጡ የፊልም ሰዎች ለአንድ የቤተሰብ ፊልም የሚሆን ልጅ ሲፈልጉ ሰፈራቸው ደረሱ። የፊልሙ ታሪክ በስሕተት እጁ የገባን የሰው ሰዓት ለባለቤቱ ለመመለስ ቀኑን ሙሉ ከተማዋን ስለሚዞር ድሀ ልጅ ነበር። ወንድ ይሁን ሴት ግድ የለንም ተባለ፤ ልጆች በሙሉ በአሮጌው የነጋዴዎች ማረፊያ ግቢ ተሰበሰቡ።

መምህርት ኤፋት የጎረቤት ቀሚስ ተውሰው፣ ሦስት ግጥም አጥንተው፣ ከፊት ተሰለፉ። የስምንት ዓመቱ ታናሽ ወንድማቸው ዘቢሁላህ ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ስላልነበረ ብቻ እጁን ይዘውት መጡ። ዳይሬክተሩ ግጥሙን አልጠየቋቸውም።

“ትናንት ለራት ምን በላሽ፣ ልጄ?” አሏቸው።

“ሩዝ በከባብ” አሉ መምህርት ኤፋት፣ ቀና ብለው። “ላዩ ላይ ቅቤ ነበረው።”

“ኧረ ጋሼ፣ ዳቦና ሽንኩርት ነው የበላነው” አለ ዘቢሁላህ ከኋላቸው። “የእኔን ሽንኩርት ደግሞ እሷ ናት የበላችብኝ።”

ግቢው በሳቅ አውካካ። ዳይሬክተሩም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ልጁን ትክ ብለው አዩት። በማግስቱ ዘቢሁላህ መመረጡ ተነገረ። መምህርት ኤፋት ወደ ቤት ሲመለሱ ወንድማቸውን አላናገሩትም። “እሱ እኮ እውነተኛ ሆኖ አይደለም፤ ውሸት ማሰብ ስለማይችል ነው” ብለው ለእናታቸው ከሰሱ። ወ/ሮ ቱባ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ “አንቺስ ከባቡን ከየት አመጣሽው?” አሏቸው።

እናትና አባት ሥራ ስለማይፈቱ፣ ዘቢሁላህን ወደ ቀረጻው የመውሰድና የመመለስ ሥራ በመምህርት ኤፋት ላይ ወደቀ። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ በፀሐይ ላይ ቆመው፣ ሰዎቹ ወንድማቸውን ክሬም ያለበት ብስኩት ሲያጎርሱት፣ ጃንጥላ ሲይዙለት፣ “ጎበዝ! አንበሳ!” ሲሉት ያያሉ። እሱ ብስኩቱን ከሁለት ከፍሎ ግማሹን ያመጣላቸው ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያቃጥላቸው ነበር። “ቢሰስትብኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር” ብለው ለማርጃን አስጽፈዋል።

በዚያ ዘመን የተማሪ ወንድ ልጅ ጸጉር በመላጫ የሚነሣ ሲሆን፣ የዘቢሁላህ ግን በልዩ ፈቃድ ለፊልሙ አድጎ፣ ጆሮውን ሸፍኖ ነበር። ሴቱ ሁሉ ይዳብሰዋል። በ1365 ዓ.ም. የጸደይ ወቅት፣ ቀረጻው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ መምህርት ኤፋት በቀትር ወንድማቸውን ግቢው መካከል አስቀመጡትና የአባታቸውን የሱፍ መቀስ አነሡ።

“ቅማል አይቻለሁ። እንዳትንቀሳቀስ።”

“ብዙ ነው እንዴ፣ እታለም?”

“ብዙ ነው።”

ዘቢሁላህ አንገቱን አቀርቅሮ ጸጉሩን ተቆረጠ። ቅማል አልነበረም።

በማግስቱ የፊልሙ ሰዎች ልጁን ሲያዩ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። ዳይሬክተሩ ተንበርክከው፣ “ማነው እንዲህ ያደረገህ?” ሲሉት ዘቢሁላህ እህቱን አየ፤ መሬቱን አየ።

“እኔው ራሴ።”

“የኋላውንስ በምን አየኸው?”

“በ... በእጄ።”

በሕይወቱ የተናገረው የመጀመሪያ ውሸት ይኸው ነበር። መምህርት ኤፋት ያን ሲሰሙ አላስቻላቸውም።

“ውሸቱን ነው!” ብለው ጮኹ። “እኔ ነኝ! ቅማልም የለበትም! ቀንቼ ነው! ቀንቼ ነው! የቀናሁት እኔ ነኝ!”

ዕንባና ንፍጣቸው ተቀላቅሎ ሲወርድ ዳይሬክተሩ አዩዋቸው። ከዚያ ወደ ካሜራ ባለሙያው ዞሩ። “በርቶ ነበር?” ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ጠፍቶ ነበር። “አይ ኪሳራ!” አሉ። ለመምህርት ኤፋትም፣ “ያን ዕለት እንዲህ ብትናገሪ ኖሮ...” ብለው ጀምረው፣ ሳይጨርሱት ሄዱ። ያችን ያልተቋጨች አነጋገር መምህርት ኤፋት ዕድሜያቸውን ሙሉ አኝከዋታል።

ጸጉሩ እስኪያድግ ቀረጻው ሃምሳ ቀን ቆመ። እንደገና ሲጀመር የፈተና ሳምንት ነበር፤ ዘቢሁላህ ሳይፈተን ቀርቶ ሦስተኛ ክፍልን ወደቀ። ማሽዲ ቀዲርም፣ “እሱማ ስሙን ተክሏል፤ ጽሕፈት ምን ይጨምርለታል?” ብለው ወደ ቀለም በርሜሉ ወሰዱት። ለሁለተኛ ፊልም የጠየቀው ሰው አልመጣም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀለም ነካሪ ነው። መምህርት ኤፋት ይህን ያኔ ልብ አላሉትም። ከተማው በሙሉ “የዘቢሁላህ እህት” እያለ ሲጠራቸው፣ ዳቦ ጋጋሪው ወንድማቸውን ከሰልፍ አውጥቶ ትኩሱን ሲሰጠው፣ ያን ብቻ ነበር የሚያዩት።

ትምህርታቸውን በእልህ ገፍተው ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ፤ ከ1373 እስከ 1401 ዓ.ም. ለሃያ ስምንት ዓመታት አንደኛ ክፍልን አስተማሩ። በክፍላቸው ውስጥ ልጅን “ቤት ምን በላሽ?” ብሎ መጠየቅ ክልክል ነበር፤ ይህን የጠየቀ አንድ ተቆጣጣሪን በልጆቹ ፊት ከክፍል አስወጥተዋል። የዋሸ ልጅ ሲያጋጥማቸው ፈጥነው አይቆጡም። “አፍሮ ነው፤ መጀመሪያ ያሳፈረውን ፈልጉ” ይሉ ነበር።

በ1375 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሆኑት ከአቶ ናስሮላህ ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ብዙ ሰው ለጋብቻ ሲጠይቃቸው እሳቸውን የመረጡበት ምክንያት አንድ ነው፦ የወንድማቸው ፊልም ሲነሣ አቶ ናስሮላህ “የትኛው ፊልም?” ስላሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ግን አማታቸው በምሳ ላይ፣ ልጄ ያን ፊልም አራት ጊዜ ገብቶ አይቶታል ብለው አወጡት። መምህርት ኤፋት አንድ ሳምንት አኮረፉ። በስምንተኛው ቀን አቶ ናስሮላህ፣ “እውነቱን ብነግርሽ ታገቢኝ ነበር?” ሲሏቸው ማኩረፉን ተዉት። ማርጃንና ሆማዩን የሚባሉ ሁለት ልጆችን አፍርተዋል።

ፊልሙ በየኖውሩዙ በቴሌቪዥን ሲታይ መምህርት ኤፋት ወደ ማድ ቤት ይገባሉ። ከዚያ ሆነው ግን፣ “ጸጉሩ ያጠረበት ጋ ደርሷል?” ብለው ይጠይቃሉ። ሃምሳው ቀን ጸጉሩን እንደ ቀድሞው ስላላደረሰው፣ በመጨረሻዎቹ ትዕይንቶች ልጁ ጸጉረ አጭር ነው። አንድ ጋዜጣ ይህ የልጁን መብሰል የሚያሳይ ረቂቅ ጥበብ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። መምህርት ኤፋት ጽሑፉን ቆርጠው ከጋብቻ ወረቀታቸው ጋር አስቀምጠውት ኖረዋል።

በ1402 ዓ.ም. መገባደጃ የካንሰር ሕመም ተገኘባቸው። ወንድማቸው አቶ ዘቢሁላህ በየሐሙሱ ሆስፒታል ይጠይቋቸው ነበር። አንድ ሐሙስ ነርሷ አቶ ዘቢሁላህን አውቃ ስትስቅላቸው፣ መምህርት ኤፋት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“እዚህም? የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ!”

አቶ ዘቢሁላህ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ። “እኔም እኮ በአንቺ እቀና ነበር፣ እታለም” አሉ።

“በእኔ? በምኔ?”

“ደብተርሽን ይዘሽ ስትወጪ። ከቀለም በርሜሉ ሥር ሆኜ አይሽ ነበር። ሰው ሁሉ ፊልሙን ያወራልኛል፤ እኔ የለየሁትንም ፊደል ረስቼ፣ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን የራሴን ስም እንኳ አጣርቼ ማንበብ አልችልም። ማንም እንዳያውቅብኝ መነጽሬን ረሳሁ እላለሁ። መነጽር የለኝም።”

መምህርት ኤፋት ፈተናውን፣ ሃምሳውን ቀን፣ መቀሱን አሰቡ። ያለቀሱት ኋላ ነው። በመጀመሪያ የተናገሩት ግን፣ “ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም? አርባ ዓመት ሊሞላ ነው፣ ብቻዬን ስቀና!” የሚል ነበር። ቀጥለውም ማርጃንን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ እንድታመጣ አዘዟት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ዘቢሁላህ በየቀኑ ይመጡ ነበር። ኬሞቴራፒው ባደከማቸው ቀን እንኳ መምህርት ኤፋት ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ፣ ስሕተት ሲሰሙ ጣታቸውን ያነሡ ነበር። አያዝኑላቸውም፤ “አትገምት፤ የተጻፈውን አንብብ” ይሏቸው ነበር። በበጋው አጋማሽ አቶ ዘቢሁላህ ሦስተኛ ክፍልን ጨረሱ፤ ፈታኟም አራሚዋም መምህርት ኤፋት ነበሩ። ውጤቱ ከመቶ ሰባ አንድ ነው። እንዲጨመርላቸው ቢለምኑ እሺ አላሉም።

መምህርት ኤፋት በመህር ወር 19 ቀን 1403 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው አቶ ናስሮላህ፣ ልጆቻቸው ማርጃንና ሆማዩን፣ ወንድማቸው አቶ ዘቢሁላህ፣ በእሳቸው እጅ ፊደል የለዩ ብዙ ተማሪዎቻቸውም በሐዘን ቀርተዋል። ጥፋቱን ያልደበቀውን የማይንቅ አላህ በምሕረቱ ይቀበላቸው፤ መቃብራቸውን ሰፊና ብርሃናማ ያድርግላቸው።

ይህን የሕይወት ታሪክ በፊታችሁ ቆመው የሚያነቡት አቶ ዘቢሁላህ ናቸው። በአንድ ቃል ላይ ቢዘገዩ እንድትታገሡ፣ ቀድሞ ቃሉን የሚነግራቸው ሰውም እንዳይኖር፣ መምህርት ኤፋት አደራ ብለዋል።