የብርቱካን ቤት ግድግዳ

ሐምሌ 14፣ ገንዳ ውሃ

የእህቴ ልጅ ብርቱካን የአዲሱ ቤቷን አንድ ክፍል ልታከራይ ፈልጋ፣ "ጋሼ፣ በካሜራዎ አሳምረው ያንሱልኝ" ስላለችኝ ጠዋት ሄጄ ከውስጥም ከውጭም በነጻ አነሳሁላት። ቤቴ ገብቼ ፎቶውን ሳየው የጓሮው ግድግዳ ወደ ውጭ ያዘነበለ ይመስላል። ካሜራውን አጣምሜ ይዤው ነው ብዬ ፎቶውን ስልኬ ላይ አቃናሁት። ግድግዳው ሲቃና የመብራት ምሰሶውና የጎረቤቱ ቤት አብረው ተጋደሙ። እነሱን ሳቃና ግድግዳው መልሶ ያዘነብላል። ለካስ ጥፋቱ የካሜራዬ አይደለም፤ ከቤቱ ሥር ያለው ጥቁር የዋልካ አፈር ዝናብ ጠጥቶ መሠረቱን እየከዳው ነው። እሷ ደግሞ ሕፃኗን የምታስተኛው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው።

ወዲያው ደወልኩ። "ልጁን ይዘሽ ውጪ፣ ግድግዳው ሊወድቅ ነው!"

"ጋሼ ደግሞ ጀመሩ! ባለፈው እባብ ገባ ብለው በውሸት አስሮጡኝ፣ ዛሬ ደግሞ ግድግዳ?" ስቃ ዘጋችው።

በባጃጅ በረርኩ። በሩን ከፍታ ስታየኝ ሳቋ ቆመ።

"ፊትዎ ምን ሆነ?"

በጣቴ ወደ ግድግዳው ጠቆምኳት። ልጁን አንስታ በባዶ እግሯ ወጣች።

አሁን ሁለቱም እኔ ቤት ናቸው። ግድግዳው እስካሁን አልወደቀም። "ጋሼ፣ ዕቃዬን ላውጣ ወይስ ልመለስ?" ትለኛለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የማሾፈው ነገር ጠፋኝ። ግንበኛ መጥቶ እስኪያየው ድረስ እዚሁ ቆዪ አልኳት።