ከዓሣው ለወገብሽ
እህትዬ፣ ወገብሽ እንዴት ዋለ? ዛሬ ሙዚየም ውስጥ አንድ የዓሣ አፅም ፊት ቆሜ ቀረሁ። አከርካሪው ቁርጥ ዚፕ ነው! ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ ልከፍተው እጄን ስሰድ አስጎብኚዋ ያዘችኝ። «ተዪው፣ እሱ ዚፕ አንቺም ጀርባ ላይ አለ» ብላ ሳቀች። ከዓሣው ቀጥሎ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ወፍ፣ ሰው ተደርድረዋል። ባለ አከርካሪ ሁሉ ዘመድ ነው፤ ከባለ አከርካሪ ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ደግሞ ባለ አጥንት ዓሣ ነው አለችኝ።

«ዓሣ ወገቡን ያመዋል?» አልኳት፣ አንቺ ትዝ ብለሽኝ።

«ምን ሲደረግ! ውሃው ይሸከምለታል።»

ሱቃችን ውስጥ ግን ስፌት መኪናው ላይ ጎብጠሽ ስትውዪ የሚሸከምልሽ የለም።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ጎንበስ እንዳትዪ ታዲያ፣ እነሱ ወንበር ላይ ይውጡ። ስመለስ ስፌቱን ለእኔ ተዪው፤ ውሃሽ እኔ ነኝ።